ጎዶሎ ቦቴ በፉሪ ቁልቁለት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ጫማህን አውልቅ» የሚል ነበር። ያዘዙኝ የውሃ ቦቴው ሾፌር ኦቦ ደበላ ናቸው። እኔ ከሆሳዕና ወደ ሰበታ ከመጣሁ ገና ብዙ አልቆየሁም። ታላቅ ወንድም ነኝ ብዬ እህቴን አስቴርን ይዤ መጥቼ፣ እሷ ቀድማኝ ፋብሪካ ተቀጥራ ታበላኝ ነበር። ስለዚህ ረዳትነቱን ሳገኝ ጫማ ቀርቶ ሸሚዝህን አውልቅ ብባልም አወልቅ ነበር።

ለካ በጫማ ታንክ ላይ የወጣ ሰው ይንሸራተታል፤ ባይንሸራተት እንኳ በክዳኑ በኩል ጭቃ ወደ ውሃው ያስገባል። በባዶ እግሬ መሰላሉን ወጣሁና ክዳኑን ከፈትኩ። ከታች አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ ዘንግ አቀበሉኝ፤ በቢላ የተቀረጹ ምልክቶች አሉት። ዘንጉን እስከ ታንኩ ወለል ትሰዳለህ፣ ታወጣለህ፣ እስከየትኛው ምልክት እንደረጠበ ታያለህ፤ ስንት በርሜል ውሃ እንዳለ የሚነግርህ እሱ ነው። ቆጣሪ አልነበረንም። ቦቴው አርጅቶ የተገዛ ስለሆነ ቆጣሪ ኖሮት ከነበረም እኔ ጥርስ ሳላወጣ ወልቋል።

የጉድጓዱ ፓምፕ እንደቆመ ወዲያው ለካሁና «ሙሉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ኦቦ ደበላ ከታች ሆነው ሳቁብኝ።

«ምን ያስቸኩልሃል? አረፋ ነው የለካኸው። አረፋ ዘንግ ያረጥባል እንጂ ጥም አይቆርጥም። እስኪረጋ ጠብቅ።»

ጠበቅኩ። ቦቴው ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ግን ውስጥ ለውስጥ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳል። ብረቱ ላይ ጆሮዬን ሳደርግ ግድግዳውን ሲመታ ይሰማኛል። ሲረጋ እንደገና ለካሁ፤ ከመጀመሪያው በጣም አነሰ። «አሁን ጨምርበት» አሉኝና ፓምፑን አስነሱት።

ሥራችን ሰበታ ካለው ጉድጓድ ሞልተን በአብዛኛው ወደ ፉሪ መውጣት ነበር። አልፎ አልፎ ቡራዩም ሱሉልታም እንላካለን። ግን ያን ጊዜ ቤት እንደ እንጉዳይ የሚፈላው ፉሪ ዳገት ላይ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ገና አልደረሰውም። ለሚገነባውም ለሚጠጣውም እኛ ነበርን።

ዳገት ላይ ውሃ መለካት ጭቅጭቅ ነው። ቦቴው አፍንጫውን ሽቅብ አድርጎ ሲቆም ውሃው ወደ ኋላ ይሰበሰባል። ክዳኑ ሁለት ነው፤ በኋለኛው ብትለካ የሞላ ይመስላል፣ በፊተኛው ብትለካ የጎደለ። ደንበኛ ደግሞ ሁልጊዜ «በፊተኛው ካልለካህ» ይላል። ዕቃውም የራሱ ጉድ አለው። በርሜል ሁሉ እኩል አይደለም፤ ጎኑ የተጨፈለቀው ያንሳል። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን ሆዱን ነፍቶ ከልኩ በላይ ይጠጣል። ኦቦ ደበላ የእያንዳንዱን ደንበኛ ዕቃ እንደ ሰው ፊት ያውቁት ነበር። «ይቺ የወይዘሮ አልማዝ በርሜል ናት፤ አትጠግብም» ይሉኛል።

ቁጡ ነበሩ። ቫልቩን ስዘጋ ጠብታ ከተረፈ «አንተ ቆጮ በል!» ብለው ይሰድቡኛል። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ከሰሃኑ ላይ ሥጋውን ወደኔ በኩል የሚገፉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «ኦቦ፣ ቆጮ ባልበላ ኖሮ ይኼን ቱቦ ማን ይጎትትልዎት ነበር?» ብላቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሲስቁ ሰማሁ። እወዳቸው ነበር። ይኼን ሳልናገር ወደሌላው ብሄድ ቀሪው አይገባችሁም።

አንድ የግንባታ ፎርማን «ዘንጋችሁ ሙሉ ይላል፣ የኔ ታንከር ግን አይሞላም፤ ሌቦች ናችሁ» አለን። አሁን ሊያጣጥሉት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ ኦቦ ደበላ ትንሽ አሰቡና «እውነቱን ሳይሆን አይቀርም» አሉ። በማግስቱ ታንኩን ባዶ አድርገው ባልዲና አካፋ ይዤ እንድገባ አዘዙኝ። ወለሉ ላይ ደለል ተኝቷል። ዘንጋችን ለስላሳውን ደለል ሰንጥቆ ይወርዳል፤ እኛ ደግሞ ያረጠበውን ሁሉ ውሃ ብለን እንቆጥራለን። ከፊሉ ጭቃ ነበር።

ደለሉን ስዝቅ እጄን አንድ ስለታም ነገር ቆረጠኝ። በባትሪ ሳይ በታንኩ ጎንና ጎን ከወለል እስከ ጣሪያ የተቆረጠ ብረት ጠርዝ አለ። ሁለት እርምጃ አልፎ ሌላ እንዲሁ።

«ኦቦ፣ ይኼ የተቆረጠ ብረት ምንድን ነው?» አልኳቸው ከውስጥ ሆኜ።

በክዳኑ ቀዳዳ ፊታቸው ታየኝ። «ግድግዳ ነበር» አሉ። «መሃሉ ቀዳዳ ያለው ግድግዳ። ውሃው ቀስ ብሎ ያልፍበታል እንጂ ተወርውሮ አይሄድም። የቦቴው ባለቤት አስቆረጠው።»

«ለምን?»

«ቦታ ያዘብኝ፣ ለማጠብም አይመችም አለ። ተው ብዬው ነበር። ከፈራህ ሌላ ሾፌር አለ አለኝ።»

ስወጣ የተቆረጠ እጄን በመሐረባቸው እያሰሩ ዋናውን ነገር ነገሩኝ። ታንክ ጢም ብሎ ከሞላ ውሃው መሄጃ የለውም፤ ከመኪናው ጋር አንድ አካል ሆኖ ይሄዳል። ባዶ ከሆነም ችግር የለም። አደጋው መሃል ላይ ነው። ጎዶሎ ታንክ ፍሬን ስትይዝለት መኪናው ይቆማል፣ ውሃው ግን ገና እየሄደ ነው። ስትታጠፍ ወደ ጎን ይሄዳል፤ መሪውን ስትመልስ እሱ ዘግይቶ ይመለሳል። ግድግዳ ካለው ይቆራረጣል። ግድግዳ በሌለው ግን አንድ ላይ መጥቶ ይገፋሃል።

ስለዚህ ኦቦ ደበላ ጎዶሎ አይነዱም ነበር። አንዱ ደንበኛ ከፊሉን ብቻ ከወሰደና ሌላው ደንበኛ ቁልቁለት ማዶ ከሆነ፣ ያሉበት ሰፈር ቆመው ቀሪውን ለፈለገ ሁሉ ያድሉታል። ፉሪ ላይ ይኼ የታወቀ ነው። ሴቶቹ «የደበላ ትራፊ» ይሉታል። ጥሩምባ ሁለቴ ከተነፋ ትራፊ አለ ማለት ነው፤ ጀሪካን ከየቤቱ ይወጣል። ባለቤቱ ሰምቶ በስልክ ሲጮህ ኦቦ ደበላ ስልኩን ከጆሮአቸው ራቅ አድርገው ይዘው እስኪጨርስ ይጠብቁታል። ከዚያ «እሺ» ይላሉ። በሚቀጥለው ቀን ደግሞ ያድላሉ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ዘመን መጣ። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን አንድ ላይ የሚያቅድ ፕላን ወጣ ተባለ፤ ገበሬው መሬቴ ሊወሰድ ነው ብሎ ተነሳ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሁሉም ጋ ሰልፍ፣ ጎማ ማቃጠል፣ ጥይት። ጠዋት የተከፈተው መንገድ ከሰዓት ይዘጋል። የሞቱ ልጆች ስም በየሰፈሩ ይጠራ ነበር። እኔ ከደቡብ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ መንገድ ላይ ማን ምን እንደሚለኝ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር በጣም እፈራ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ከኦቦ ደበላ አጠገብ ስቀመጥ ግን ይቀለኛል።

እሳቸው ስለ ፖለቲካ ብዙ አይናገሩም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አስቴር የምትሠራበትን የጫማ ፋብሪካ አጥር ይዘን ስናልፍ፣ በአገጫቸው አሳዩኝ። «ያ መጋዘን ያለበት የአባቴ የጤፍ ማሳ ነበር» አሉ። «ካሳ ተብሎ የሰጡትን ሳይጨርሰው ሞተ።» እህቴ እዚያ መሥራቷን ያውቃሉ። «የልጅቷ ጥፋት አይደለም» አሉና ማርሽ ቀየሩ።

ያን ቀን ጠዋት ቦቴውን ሞልተን ወደ ፉሪ ወጣን። እንደወጣን ከኋላችን የሰበታው መንገድ ተዘጋ። መብራትም ጠፋ፤ መብራት ከሌለ የጉድጓዱ ፓምፕ አይሠራም። ፉሪ ጫፍ ላይ ወጣቶች ድንጋይ ደርድረው አስቆሙን። አብዛኞቹ ኦቦ ደበላን ያውቋቸዋል።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደበላ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ መሪያቸው የሚመስለው ረጅም ልጅ። «ዛሬ ወደ ግንባታ አይኬድም። ሰዉ ግን ቢሻን፣ ውሃ፣ አጥቶ ሰንብቷል።»

«እኔስ ለማን የያዝኩት መሰለህ?» አሉና ጥሩምባውን ሁለቴ ነፉ።

ሴቶቹ መጡ። ቱቦውን ዘረጋሁ፣ ቫልቩን ከፈትኩ። ወጣቶቹ ራሳቸው ሰልፍ አስያዙ። ውሃው ከግማሽ በታች ወርዶ፣ ሰልፉ ግን ገና ረጅም ሆኖ ሳለ፣ ከታች ከሰበታ በኩል ጥቁር ጭስ ተነሳ።

መጀመሪያ የደወለው ባለቤቱ ነው። ፋብሪካው ደንበኛው ነበር። ድምፁ እስከኔ ድረስ ይሰማል፦ «የጫማው ፋብሪካ እየነደደ ነው! ያለህን ውሃ ይዘህ ውረድ!»

«ያለኝ ጎዶሎ ነው» አሉት። «ጎዶሎ ይዤ ቁልቁለት አልወርድም።»

«ደበላ፣ ትእዛዝ ነው!»

«ግድግዳውን ስታስቆርጥም ትእዛዝ ነበር» ብለው ዘጉት። ወደኔ ዞረው «ቅዳ፣ ሰዉን አታቁም» አሉኝ። እኔ ግን ጭሱን ነበር የማየው።

ሁለተኛው ስልክ የመጣው ለኔ ነው። ከአስቴር ጋር አንድ ክፍል የምትከራይ ልጅ ናት፤ ታለቅሳለች። ዘበኞቹ ዋናውን በር ቆልፈው ሸሽተዋል፣ የጠዋቱ ፈረቃ አልወጣም፣ አስቴር ስልኳን አታነሳም አለችኝ። እሳት አደጋ ቢጠራም መንገድ ዝግ ነው።

ኦቦ ደበላ ፊቴን አይተው «አስቴር?» አሉ።

«አልወጡም፣ ኦቦ። በሩ ተቆልፏል።»

ወደ ጭሱ ዞረው አዩ። ከዚያ ከሳቸው ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ተናገሩ። «ዝጋው» አሉኝ። ታንኩ ጎዶሎ ሆኖ፣ ሴቶች ተሰልፈው እያለ፣ ቫልቩን ዘጋሁት።

ረጅሙ ልጅ መኪናው ፊት ቆመ። «ኦቦ፣ የዚያን ፋብሪካ እሳት ሊያጠፉ ነው? እርስዎ? የአባትዎ መሬት ላይ?»

«ኢጆሌ፣ ልጆቼ» አሏቸው፣ ሁሉንም እያዩ። «ውስጡ ሴት ልጆች አሉ። የዚህ ልጅ እህት አለች። ፋብሪካው ይንደድ፤ ልጆቹን ላውጣ።»

ልጁ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ በዓይኑ ውስጥ ያለው ጥላቻ ይሁን ሐዘኔታ ዛሬም አላውቅም። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ጮኸባቸውና ድንጋዩን ተጋግዘው ገፉት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ መንገዱ ላይ ሌላ ድንጋይ ተበትኖ ነበር። ወርጄ ጠረግኩ። ተመልሼ ልገባ ስል በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። በመስኮቱ «በእግርህ ድረስ» አሉኝ።

«ኦቦ፣ አብሬ ልሂድ እንጂ!»

«ለምን? ውሃውን ልትይዝልኝ?» አሉና በአንደኛ ማርሽ መውረድ ጀመሩ።

ነገሩን ሁሉ ከላይ ሆኜ አየሁት። በዝግታ ነበር የሚወርዱት። የመጀመሪያውን መታጠፊያ ደህና አለፉ። ታንኩ ግን ከመኪናው ተለይቶ የራሱን መንገድ የሚሄድ ይመስል ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ነበር። ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ እኔ ከላይ ሆኜ ያላየሁት አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ መንገዱን ዘግቶ ኖሯል። የፍሬኑ መብራት በራ። መኪናው ሊቆም ምንም አልቀረውም። ከዚያ ውሃው ደረሰ። ድምፁን ሰማሁት፣ ከባድ፣ የታፈነ ድምፅ። መኪናው ወደፊት ተገፋ፣ ኦቦ ደበላ ከመንገዱ ዳር ካለው ገደል ለመራቅ መሪውን ወደ ሌላው ጎን ጠመዘዙ፣ ውሃው ደግሞ ወደ ጎን ተመለሰ። ቦቴው ቀስ ብሎ፣ የሚተኛ ከብት መስሎ፣ በጎኑ ወደቀና መንገዱ ዳር ወዳለው ቦይ ተንከባለለ።

ስደርስ ክዳኑ ተከፍቶ ውሃው በቦዩ ይወርድ ነበር። ጋቢናው ተጨፍልቋል። ስማቸውን ጠራሁ፤ አልመለሱም። የሚመልስ ሰው እንዳልነበረ አይቼ አውቄያለሁ፤ ግን ጠራሁ። ከላይ ወጣቶቹ እየሮጡ መጡ። በሩን በብረት ፈልቅቀው ያወጧቸው እነሱ ናቸው፤ እኔ ራሳቸውን ደግፌ ይዤ ነበር። ረጅሙ ልጅ ጃኬቱን አውልቆ ፊታቸውን ሸፈነና አጠገባቸው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ለኔ «ሂድ፣ እህትህን ፈልግ። እኛ አለን» አለኝ።

ሮጥኩ። ፋብሪካው በር ላይ ሕዝብ ቆሟል፣ መጋዘኑ ፈርሷል፣ ሴት ልጅ ግን የለም። አንድ የሰፈር ሰው ነገረኝ፤ ልጆቹ የኋላውን አጥር አፍርሰው ወጥተዋል፣ ጭሱ ገና ሳይበረታ። ስልካቸው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ተቆልፎ ቀርቶ ነው። አስቴርን የተከራየችበት ክፍል ደጃፍ ላይ፣ አንድ እግሯ ጫማ የለውም፣ ተቀምጣ አገኘኋት። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ልብስህ ላይ ያለው የማን ደም ነው?» አለችኝ።

አቅፌያት አለቀስኩ። በሕይወት በመኖሯ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝም ሊያመኝ ደረሰ። ሁለቱን እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

መንገዱ ሲከፈት አንድ የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ቦታውን ለካ። የአደጋው ምክንያት «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ማሽከርከር» ተብሎ ተጻፈ።

«በአንደኛ ማርሽ ነበር የሚወርዱት፤ አይቻለሁ» አልኩት። «የገለበጣቸው ውሃው ነው። ታንኩ ግድግዳ የለውም። ገብተህ እየው።»

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞታል። በዚያ ሰሞን ስንት ሬሳ እንዳየ እንጃ። «ወንድሜ፣ ውሃ ከስሼ አላውቅም» አለኝ።

«ውሃውን አይደለም። ግድግዳውን ያስቆረጠውን።»

ታንኩ ውስጥ አልገባም። ባለቤቱም አልተጠየቀም። የተገለበጠውን ታንክ አስጠግኖ ለሌላ ሰው ሸጠው፤ ግድግዳ ሳያስገባበት። አሁን የት እንዳለ፣ ማን እንደሚነዳው አላውቅም።

ለቅሶው ቤት ለመሄድ ብዙ አመነታሁ። አስቴር ናት «እኔ እሄዳለሁ፤ ካልመጣህ ቅር» ያለችኝ። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል፤ ስንገባ ወሬው ቆመ። የኦቦ ደበላ ሚስት አዴ ዲንቄ መሃል ላይ ተቀምጠዋል። አስቴር ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። አዴ ዲንቄ ቀና አድርገው ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙና ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«አስቴር የምትባይው አንቺ ነሽ?» አሏት። አስቴር አለቀሰች።

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተ እዚያ ነበርክ። ልጠይቅህና እውነቱን ንገረኝ» አሉ። «ውሃው እሳቱ ጋ ደረሰ?»

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ አየኝ። ደረሰ ብል ማንም አያጣራም ነበር። ግን እውነቱን ንገረኝ ብለውኛል።

«አልደረሰም፣ አዴ። ቦይ ውስጥ ነው የፈሰሰው። ልጆቹም ቀድመው ወጥተው ነበር።»

አዴ ዲንቄ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልጮኹም። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው «እሺ» አሉ። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጡን፤ ተቀመጥን። እዚያ ስንት ሰዓት እንደተቀመጥን አላስታውስም።

እኔ ከዚያ በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ ውሃም ዘይትም የሚጭን ቦቴ ነዳሁ፤ እስከ ተጂና ዱከም ድረስ ተመላልሻለሁ። ረዳቶቼ በጀርባዬ ነዝናዛ ይሉኛል፤ ልክ ናቸው። «አንተ ባትነግረው ኖሮ አይሄድም ነበር» ያሉኝ ሰዎች ነበሩ። እህቱ እሳት ውስጥ ያለች ሰው ዝም የሚልበትን አገር ያሳዩኝ። እኔ ጥፋቱን የማውቀው ብየዳ ቤት ውስጥ ነው፤ ብረቱ የተቆረጠ ዕለት።

ሾፌሮች፣ ቦቴ ስትረከቡ ጎማና ፍሬን ከማየታችሁ በፊት ባትሪ ይዛችሁ ታንኩ ውስጥ ግቡ። ግድግዳው ከሌለ ቁልፉን መልሱ። ሌላ ሾፌር አለ ይሏችኋል። ያ ሾፌር ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ፈልጉትና ለሱም ንገሩት።